የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግሥ የት ይቀመጣል? ስሕተቱ ከአማርኛችን እንዴት እንደሚመጣ

ጥር 12 ቀን 2001 ዓ.ም. ለእኛ የጥምቀት ማግስት ነበር፤ ለአሜሪካውያን ደግሞ ባራክ ኦባማ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃለ መሐላ የፈጸሙበት ዕለት ነው። መሐላውን እያነበቡ ያስደግሟቸው የነበሩት የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ጆን ሮበርትስ ነበሩ። በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ተጽፎ የሚገኘው ይህ የ35 ቃላት መሐላ በአንድ ቦታ ላይ «አይ ዊል ፌይዝፉሊ ኤክሲክዩት ዚ ኦፊስ» ይላል፤ «ሥልጣኑን በታማኝነት እፈጽማለሁ» ማለት ነው። ዋና ዳኛው ግን «ፌይዝፉሊ» የሚለውን ቃል ከግሡ በፊት መጥራቱን ትተው ወደ ሐረጉ መጨረሻ ወሰዱት። ኦባማም አንድ ነገር እንደተዛባ ገብቷቸው መካከል ላይ ቆም አሉ። በማግስቱም መሐላው ለጥንቃቄ ሲባል በዋይት ሐውስ ውስጥ እንደገና ተፈጸመ።

በሰዋስው ረገድ ከታየ «ፌይዝፉሊ» ከግሡ በፊት ቢመጣም ከተሳቢው በኋላ ቢመጣም ዐረፍተ ነገሩ ትክክለኛ እንግሊዝኛ ነው፤ መሐላው የተደገመው ቃሉ በሕገ መንግሥቱ እንደተጻፈው እንዲባል ተፈልጎ ነው። የአማርኛ ተናጋሪ የሚሳሳተው ከዚህ በተለየ መንገድ ነው። እርሱ ቃሉን የሚያስቀምጠው ከሁለቱ ቦታዎች በአንዱም ሳይሆን በሦስተኛ ቦታ፣ ማለትም በግሡና በተሳቢው መካከል ነው። ይህ ስሕተት በአብዛኛው ካለማጥናት የሚመጣ አይደለም፤ የአማርኛን ሥርዐት አጥብቆ ከመያዝ የሚመጣ ነው። ለዚህም ነው እንግሊዝኛን ለዓመታት የተማሩ፣ በእንግሊዝኛ የሚሠሩና በእንግሊዝኛ አገር የሚኖሩ ሰዎች እንኳ ሲጽፉ የሚታይባቸው።

የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን በራሳችን ፊደል እጽፋቸዋለሁ። አንባቢ ድምፅ አውጥቶ ቢያነባቸው ይመረጣል፤ የቃል ቦታ ከዓይን ይልቅ በጆሮ ቶሎ ይለመዳልና።

ተውሳከ ግሥ አንድ ድርጊት እንዴት፣ መቼ፣ የት፣ ስንት ጊዜ ወይም ምን ያህል እንደተፈጸመ የሚገልጽ ቃል ነው። እንደ «ቶሎ» እና «ገና» ያሉ፣ ከመሠረታቸው ጀምሮ ተውሳከ ግሥ የሆኑ ቃላት በአማርኛ ጥቂት ናቸው። የቀረውን ሥራ የሚሠሩልን ወይ «በ» የተጨመረባቸው ስሞች ናቸው፣ ለምሳሌ «በፍጥነት»፣ «በደንብ»፣ «በጥንቃቄ»፤ ወይም ደግሞ ሌሎች ግሦች ናቸው፣ ለምሳሌ «አዘውትሮ ይመጣል»፣ «ደጋግማ ጠየቀች»፣ «አጥብቀው ያዙት»። እንግሊዝኛ ግን ለዚህ ሥራ የተመደቡ እጅግ ብዙ ቃላት አሉት፤ እነዚህም በወንድና በሴት፣ በነጠላና በብዙ የማይለዋወጡ ናቸው። ቃሉ ከማን ጋር እንደሚሄድ በመልኩ ስለማያሳይ፣ ሥራውን የሚያሳየው የተቀመጠበት ቦታ ነው። የቦታው ነገር በእንግሊዝኛ ይህን ያህል የሚከብደው ከዚህ የተነሣ ነው።

አሁን «ሳራ እንግሊዝኛ በደንብ ትናገራለች» የሚለውን ዐረፍተ ነገር እንመልከት። ባለቤቷ «ሳራ» ናት፣ ተሳቢው «እንግሊዝኛ» ነው፣ ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ «በደንብ» ደግሞ በተሳቢውና በግሡ መካከል ተቀምጧል። ለአማርኛ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም፤ ገላጩ ከሚገልጸው ግሥ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥሟል። ተማሪው ይህን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ ግሡ ከተሳቢው መቅደም እንዳለበት ያውቃልና ሁለቱን ያለዋውጣል። መካከል ላይ ያለውን ቃል ግን አይነካውም። ውጤቱም «ሳራ ስፒክስ ዌል ኢንግሊሽ» ይሆናል፤ ይህም ስሕተት ነው። ትክክሉ «ሳራ ስፒክስ ኢንግሊሽ ዌል» ነው። «ቡና በጣም እወዳለሁ» የሚለውም በዚያው መንገድ «አይ ላይክ ቬሪ ማች ኮፊ» ይሆናል፤ መሆን የነበረበት ግን «አይ ላይክ ኮፊ ቬሪ ማች» ነው።

እንግሊዝኛ ግሥንና ቀጥተኛ ተሳቢውን እንደ አንድ አካል ያያቸዋል። በመካከላቸው አንድ ቃል እንኳ መግባቱን አይወድም። ስለዚህ ተውሳከ ግሡ ወይ ከግሡ በፊት ይቀመጣል፣ ወይ ተሳቢውን አልፎ ይሄዳል። «ምሳውን በፍጥነት በላ» ለማለት «ሂ ኩዊክሊ ኤት ሂዝ ላንች» ማለትም «ሂ ኤት ሂዝ ላንች ኩዊክሊ» ማለትም ይቻላል፤ «ሂ ኤት ኩዊክሊ ሂዝ ላንች» ግን ለተወላጁ ጆሮ ወዲያው ይጎረብጣል። ከሁለቱ ትክክለኛ ቦታዎች ይበልጥ የሚያስተማምነው መጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም እንደ «ዌል»፣ «ሃርድ» እና «ፋስት» ያሉ አጫጭር የሁኔታ ገላጮች ከዋናው ግሥ በፊት መቀመጥን አይቀበሉም። «ሂ ዌል ስፒክስ» የሚል እንግሊዝኛ የለም።

ሁለት ነገሮችን ግን ከዚህ ሕግ መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው፣ ግሡ ተሳቢውን በመስተዋድድ በኩል የሚይዝ ሲሆን በመካከል መግባት ይፈቀዳል፤ «መምህሩን በጥሞና አዳመጥኩ» ለማለት «አይ ሊስንድ ኬርፉሊ ቱ ዘ ቲቸር» ይባላል፣ «ቱ» በግሡና በስሙ መካከል አስቀድማ በር ከፍታለችና። ሁለተኛው፣ ተሳቢው ረጅም ሐረግ ከሆነ ገላጩ እስከ መጨረሻው ድረስ መጠበቅ አይችልም። አንዲት ሴት ሥራዋን እንድትለቅ ያደረጓትን ምክንያቶች ሁሉ በግልጽ አስረዳች ለማለት «ሺ ኤክስፕሌይንድ ክሊርሊ» ብሎ ረጅሙን ተሳቢ ከዚያ በኋላ ማምጣት ተገቢ ነው፤ «ክሊርሊ» መጨረሻ ላይ ቢቀመጥ «አስረዳች» ከሚለው ይልቅ ከሥራ መልቀቁ ጋር የተያያዘ ይመስላል። በሕግና በአስተዳደር ጽሑፎች ውስጥ በግሥና በተሳቢ መካከል የገቡ ገላጮች በብዛት የሚታዩት ተሳቢዎቹ ረጃጅም ስለሆኑ ነው። አንባቢ እነዚህን አይቶ ሕጉ የላላ እንዳይመስለው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚያስቸግረው የዐረፍተ ነገሩ መካከለኛ ቦታ ነው፤ የ«ኦልዌይስ»፣ የ«ዩዥዋሊ»፣ የ«ኦፍን» እና የ«ኔቨር» መደበኛ መኖሪያ ይህ ነው። አማርኛ ባለቤቱን በግሡ ውስጥ ስለሚሸከም «ሁልጊዜ በማለዳ እነሣለሁ» ስንል «እኔ» የሚለውን መናገር አያስፈልገንም፤ ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩ በ«ሁልጊዜ» ይጀምራል። ይህ አጀማመር ወደ እንግሊዝኛው ሲሻገር «ኦልዌይስ አይ ጌት አፕ ኧርሊ» ይሆናል። «ኦልዌይስ» በተራ ዓረፍተ ነገር መግቢያ ላይ አይቀመጥም፤ «አይ ኦልዌይስ ጌት አፕ ኧርሊ» መባል አለበት። «ሰምታይምስ» እና «ዩዥዋሊ» ግን መግቢያ ላይ ቢመጡም አይከፋም። ትእዛዝ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል፤ «ኦልዌይስ ሎክ ዘ ዶር»፣ ማለትም «በሩን ሁልጊዜ ቆልፍ»፣ ትክክል ነው።

መካከለኛው ቦታ በትክክል የት እንደሆነ የሚወስነው በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለው የግሥ ዓይነት ነው። ረዳት ግሥ ከሌለ ገላጩ ከዋናው ግሥ በፊት ይገባል፤ «ሺ ኦልዌይስ ድሪንክስ ኮፊ»። ግሡ የ«ነው» ወገን ከሆነ፣ ማለትም «ኢዝ»፣ «አር»፣ «ዋዝ» ከሆነ፣ ገላጩ ከእርሱ በኋላ ይመጣል፤ «ሺ ኢዝ ኦልዌይስ ሌት»። ረዳት ግሥ ካለ ከረዳቱ በኋላ ይገባል፤ «ሺ ሃዝ ኦልዌይስ ሊቭድ ሂር»። ረዳቶቹ ሁለት ሲሆኑ የድግግሞሽ ገላጭ የመጀመሪያውን ተከትሎ ይገባል፤ ቤቱ ፈጽሞ ቀለም ተቀብቶ አያውቅም ለማለት «ዘ ሃውስ ሃዝ ኔቨር ቢን ፔይንትድ» ይባላል። የሁኔታ ገላጭ ግን ወደ ዋናው ግሥ ይጠጋል፤ ቤቱ ቀለም የተቀባው በመጥፎ ሁኔታ ነው ለማለት «ዘ ሃውስ ሃዝ ቢን ባድሊ ፔይንትድ» ነው የሚባለው። ስንት ጊዜ የሚለው ስለ መላው ነገር ሲሆን፣ እንዴት የሚለው ደግሞ ስለ መቀባቱ ብቻ በመሆኑ እያንዳንዱ ወደሚመለከተው መጠጋቱ ነው።

«ኔቨር» ከሌሎቹ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአማርኛ «በፍጹም»፣ «ከቶ» እና «ጭራሽ» አሉታዊ ግሥ ይጠይቃሉ፤ «ከቶ አይመጣም» እንጂ «ከቶ ይመጣል» አይባልም። «ኔቨር» ግን አሉታውን ራሱ ይሸከማል፣ ግሡም አዎንታዊ ሆኖ ይቀራል፤ «ሂ ኔቨር ካምስ»። «ሂ ኔቨር ዳዝንት ካም» ያለ ሰው የተናገረው የፈለገውን ሳይሆን ተቃራኒውን ነው። በሌላ በኩል «ሁልጊዜ አትመጣም» የሚለው አማርኛ ሁለት ትርጉም አለው፤ ፈጽሞ አትመጣም ማለትም፣ የምትመጣው አንዳንድ ጊዜ ብቻ ነው ማለትም ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛው ሁለቱን ይለያቸዋል፤ ለመጀመሪያው «ሺ ኔቨር ካምስ»፣ ለሁለተኛው «ሺ ዳዝንት ኦልዌይስ ካም» ነው። ስለዚህ ከመተርጎም በፊት የራስን አማርኛ የትኛውን ማለት እንደፈለጉ መጠየቅ ይገባል። ስለ «ፕሮባብሊ» ደግሞ፣ ረዳቱ አዎንታዊ ሲሆን ይከተለዋል፣ አሉታዊ ሲሆን ይቀድመዋል፤ «ሂ ዊል ፕሮባብሊ ካም» ብለን «ሂ ፕሮባብሊ ዎንት ካም» እንላለን።

«ገና» የሚለውን ቃላችንን እንግሊዝኛ በተለያዩ ቦታዎች ይበታትነዋል። «ገና አልመጣም» ሲባል «ዬት» መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ «ሂ ሃዝንት ካም ዬት»። «አሁንም አልመጣም» ስንል፣ በውስጡ መዘግየቱ ያሳሰበው ሰው ድምፅ አለና፣ «ስቲል» ከአሉታዊው ረዳት በፊት ይገባል፤ «ሂ ስቲል ሃዝንት ካም»። አዎንታዊ በሆነ ዐረፍተ ነገር ግን «ስቲል» ወደ መደበኛው መካከለኛ ቦታ ይመለሳል፤ «ሂ ኢዝ ስቲል ሂር»። «ኦልሬዲ» ደግሞ በአማርኛ ብዙ ጊዜ ራሱን የቻለ ቃል የለውም፤ ከተጠበቀው ቀድሞ የመጣን ሰው «መጥቷል እኮ» ስንል ግሡና «እኮ» ተባብረው የሚያሰሙትን እንግሊዝኛ «ሂ ሃዝ ኦልሬዲ ካም» ብሎ በረዳቱና በግሡ መካከል በሚያስገባው አንድ ቃል ይገልጸዋል።

እኔ ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል የምለው «ብቻ» እና «እንኳ» ናቸው። ሁለቱም በአማርኛ ከሚመለከቱት ቃል በኋላ ይመጣሉ፣ እንግሊዝኛው ግን ያስቀድማቸዋል። «አልማዝ ብቻ» የሚለው «ኦንሊ አልማዝ»፣ «አልማዝ እንኳ» የሚለው «ኢቭን አልማዝ» ይሆናል። «አልማዝ እሑድ ዳቦ ገዛች» በሚለው ውስጥ «ብቻ»ን እያዘዋወርን እንሞክር። «አልማዝ ብቻ እሑድ ዳቦ ገዛች» ብንል ሌላ የገዛ ሰው የለም፤ እንግሊዝኛውም «ኦንሊ አልማዝ ቦት ብሬድ ኦን ሰንዴይ» ነው። «አልማዝ እሑድ ዳቦ ብቻ ገዛች» ብንል ሌላ የገዛችው ነገር የለም፤ «አልማዝ ቦት ኦንሊ ብሬድ ኦን ሰንዴይ» ይሆናል። «አልማዝ እሑድ ብቻ ዳቦ ገዛች» ብንል ደግሞ በሌላ ቀን አልገዛችም፤ «አልማዝ ቦት ብሬድ ኦንሊ ኦን ሰንዴይ» እንላለን። አማርኛው ሦስቱንም ያለ ምንም ጥርጥር ይለያል።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ራሳቸው ግን በንግግር ጊዜ «ኦንሊ»ን ሁልጊዜ ወደሚመለከተው ቃል አያስጠጉትም። «አልማዝ ኦንሊ ቦት ብሬድ ኦን ሰንዴይ» ብለው ከግሡ በፊት ያስቀምጡትና፣ ዳቦውን ይሁን እሑድን ማለታቸውን በድምፃቸው ያስታውቃሉ። በጽሑፍ ላይ ድምፅ የለም። ውል፣ ማመልከቻ ወይም መመሪያ የሚጽፍ ሰው በዚህ ረገድ የአማርኛን ጥንቃቄ ይዞ ቢሄድ ይጠቀማል። ሱቁ እሑድ ብቻ እንደሚከፈት የሚገልጽ ማስታወቂያ «ኦንሊ»ን ከ«ኦን ሰንዴይ» ፊት ቢያስቀምጥ ማንም አይሳሳትም።

ገላጮች ሲበዙ ደግሞ ሁለቱ ቋንቋዎች የመስተዋት ምስል ይሆናሉ። «ትናንት እቤቷ በትጋት ሠራች» ስንል ጊዜው ይቀድማል፣ ቦታው ይከተላል፣ ሁኔታው ከግሡ አጠገብ ይቀመጣል። በእንግሊዝኛ ግሡ ወደ ፊት ስለሚመጣ ቅደም ተከተሉ ሙሉ በሙሉ ይገለበጣል፤ «ሺ ዎርክድ ሃርድ አት ሆም የስተርዴይ»። በሁለቱም ቋንቋ ሁኔታው ለግሡ ቅርብ፣ ጊዜው ደግሞ ሩቅ ነው፤ የተለያየው ግሡ ያለበት ጫፍ ብቻ ነው። ይህን ያየ ተማሪ ደንቡን በቃል መሸምደድ አያስፈልገውም፤ ከአማርኛው ዐረፍተ ነገር መጨረሻ ተነሥቶ ወደ ኋላ ቢያነብ እንግሊዝኛውን ያገኘዋል። ግሡ እንቅስቃሴን የሚያሳይ ሲሆን ግን መድረሻው ከግሡ አይርቅም፤ «ሺ ዎክድ ሆም ስሎውሊ» ብሎ ቤቱ ከዝግታው ይቀድማል። ጊዜን ወደ መግቢያ ማምጣትም ይፈቀዳል፤ «የስተርዴይ ሺ ዎርክድ ሃርድ አት ሆም» ማለት መጨረሻው በገላጭ እንዳይጨናነቅ ይረዳል።

ይኸው መገልበጥ በጊዜ አገላለጽ ውስጥም አለ። «ሰኞ ጠዋት በ3 ሰዓት» ስንል ከሰፊው ወደ ጠባቡ እንወርዳለን፤ እንግሊዝኛው «አት ናይን ኦክሎክ ኦን መንዴይ ሞርኒንግ» ብሎ ከሰዓቱ ይጀምራል። ሰዓቱ ራሱ ከ3 ወደ 9 መለወጡ ደግሞ ለቀጠሮ ለሚጽፍ ሰው ሁለተኛ ጥንቃቄ ነው።

አንዳንድ ቃላት ቦታቸው ሲለወጥ ሥራቸውም ይለወጣል። «ሂ ስፖክ ክሊርሊ» ማለት አነጋገሩ ግልጽ ነበር ማለት ነው፤ «ክሊርሊ፣ ሂ ስፖክ» ማለት ግን መናገሩ የማያጠራጥር ነው ማለት ነው። «ሂ ዲድንት ዳይ ሃፒሊ» ሰውየው መሞቱን፣ አሟሟቱም የደስታ እንዳልነበረ ይናገራል፤ «ሃፒሊ፣ ሂ ዲድንት ዳይ» ግን «ደግነቱ አልሞተም» ነው። እዚህ ላይ የአንድ ቃል መዘዋወር አንድን ሰው ከሞት ወደ ሕይወት ይመልሳል። ከዚህ ጋር «ሃርድ» እና «ሃርድሊ» እንዳይምታቱ፤ «ሂ ዎርክስ ሃርድ» ትጉ ሠራተኛን ያመሰግናል፣ «ሂ ሃርድሊ ዎርክስ» ግን ሥራ የማይነካ ሰነፍን ይወቅሳል። ለቀጣሪ በሚጻፍ የድጋፍ ደብዳቤ ላይ ይህ ቢሳሳት የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም።

ሌላው አደጋ ገላጩ በሁለት ግሦች መካከል ሲወድቅ ነው። «ፒፕል ሁ ሪድ ኦፍን ራይት ዌል» የሚለው፣ አዘውትረው የሚያነቡ ሰዎች ጥሩ ይጽፋሉ ማለቱ ነው ወይስ የሚያነቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ጥሩ ይጽፋሉ ማለቱ? አማርኛ «የሚያነቡ» የሚለውን ከስሙ በፊት ስለሚያመጣው ይህ ጥርጥር አያገኘውም። በእንግሊዝኛ ግን ጸሐፊው መወሰን አለበት፤ «ሁ ኦፍን ሪድ» ቢል የመጀመሪያው ትርጉም ብቻ ይቀራል።

በመጨረሻ ስለ አንድ የቆየ ክልከላ ልጥቀስ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተነሡ አንዳንድ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ጸሐፊዎች በ«ቱ» እና በግሡ መካከል ምንም ቃል አይግባ ብለው ነበር፤ ከእነርሱ አንዱ የካንተርቤሪው ካቴድራል ዲን (አስተዳዳሪ ቄስ) ሄንሪ አልፎርድ በ1864 እ.ኤ.አ. ይህን ጽፏል። ክልከላው ከጊዜ በኋላ በረዳት ግሥና በዋና ግሥ መካከል መግባትንም እስከ መጥላት ደረሰ። የሥነ ልሳን ምሁሩ ስቲቨን ፒንከር ከኦባማ ቃለ መሐላ ጥቂት ቀናት ሳይቆይ በጻፈው ጽሑፍ ዋና ዳኛውን ያሳሳታቸው «ዊል» እና «ኤክሲክዩት» በ«ፌይዝፉሊ» እንዳይለያዩ የማድረግ ልማድ ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። በእኛ ቋንቋ የ«ቱ አንደርስታንድ» አቻ የሆነው «መረዳት» አንድ ቃል ስለሆነ ማንም በውስጡ ሌላ ቃል ሊያስገባ አይችልም፤ ስለዚህ ክልከላውን ከመጽሐፍ ያገኘ አማርኛ ተናጋሪ ትክክል መስሎት ይቀበለዋል። አለመቀበሉ የሚሻልበት ጊዜ ግን አለ። «ሂ ፌይልድ ፉሊ ቱ አንደርስታንድ ዘ ኮንትራክት» ብንል «ፉሊ» ወደ «ፌይልድ» ሊሳብና ውሉን መረዳት ጨርሶ ተሳነው ሊያሰኝ ይችላል፤ «ሂ ፌይልድ ቱ ፉሊ አንደርስታንድ ዘ ኮንትራክት» ስንል ግን ውሉን የተረዳው በከፊል እንደሆነ፣ ሙሉውን እንዳልተረዳ በግልጽ ይነገራል።